ሦስት የቅርብ ዘመድ

ስመኝ ጠዋት ፊቷን ከመታጠቧ በፊት ሰላምታዋን ትቀበላለች። ሰው ሠራሽ ወኪሏ ሌሊቱን የተጠራቀመውን መልእክት ሁሉ አጣርቶ ለስለስ ባለ ድምፅ ይነግራታል። «እትዬ ስመኝ፣ እንደምን አደርሽ? ወንድም ጋሼ ሰላም ብሎሻል። ሙቀቱ ትንሽ ከብዶታል እንጂ ደህና ነው። የታችኛው ፎቅ ወይዘሮም አመስግነውሻል፤ ለልጃቸው ምርቃት በስምሽ አበባ ልኬ ነበር።» ስመኝ የጥርስ ብሩሿን እንደጎረሰች «አንተም ሰላም በልልኝ» ትላለች። ለማን፣ በምን ቃል የሚለውን ወኪሉ ያውቀዋል።

ደብረ ብርሃን ውስጥ ሰው ከሰው የሚገናኘው በዚህ መንገድ ከሆነ ሰንብቷል። የድሮ ሰዎች የቀኑን እኩሌታ እንደምን አደርክ፣ ቤተሰብ ደህና፣ ከብቱ ደህና ሲባባሉ ያሳልፉት ነበር ይባላል። አሁን ወኪል ለወኪል ሰላም ይባባላል፤ ሰው ሥራውን ይሠራል። ማንም አልተቀየመም። እንዲያውም በዓል አይረሳ፣ ልደት አይረሳ፣ የታመመ ሳይጠየቅ አይቀር። የተለወጠው ጠያቂው ብቻ ነው።

ወንድም ጋሼ የምትለው ታላቅ ወንድሟን ደረበን ነው። እናትና አባታቸው ሲሞቱ እሷ ገና ልጅ ነበረች፤ አጥቦ፣ አብልቶ፣ ስታጠፋ ጆሮዋን ቆንጥጦ ያሳደጋት እሱ ነው። አሁን አፋር በረሃ ውስጥ፣ ከመሬት የሚወጣውን እንፋሎት መብራት የሚያደርገው ጣቢያ ላይ ይሠራል። አላገባም፣ አልወለደም፤ እሷም እንዲሁ። በዚህ ዘመን አክስትና አጎት ያለው ሰው እንደ ባለጸጋ ይታያል፤ እነሱ ሁለት ብቻ ናቸው። ስመኝ ይህን ስትናገር አይከፋትም፤ ግማሹ ከተማ እንደዚሁ ነው።

ሥራዋ መግለጫ ቤት በሚባለው መሥሪያ ቤት የመሣሪያ መግለጫ መጻፍ ነው። ወኪሎች ሁሉን የሚያደርጉት በመሣሪያ ነው፤ ውሃ የሚከፍትና የሚዘጋ መሣሪያ አለ፣ ትኬት የሚቆርጥ አለ፣ ሐኪም የሚያስይዝ አለ። ወኪሉ መሣሪያውን ፈታቶ አያየውም። የሚያየው አጠገቡ የተጻፈለትን አጭር መግለጫ ነው፤ ምን እንደሚሠራ፣ መቼ እንደሚነሣ፣ መቼ እንደማይነካ። ሰው ግራ ሲገባው ጎረቤቱን ይጠይቃል። ወኪል ያነባል፣ ያነበበውንም እጅግ በትጋት ያደርጋል። አንድ የመግለጫ ቤቱ ባልደረባ ለውሃው መሣሪያ «ብክነት ስታይ ዝጋ» ብሎ ጽፎ ዞር ቢል፣ ወኪሎቹ በጥምቀት ዕለት የጥምቀተ ባሕሩን ቧንቧ ዘግተውት አረፉት። ቄሱ ሕዝቡ ላይ የሚረጩት ውሃ ብክነት ነዋ!

ስመኝ ከእንዲህ ያለው ስህተት የጸዳች ናት ተብላ የተከበረች ናት። አዲስ መግለጫ ስትጽፍ፣ ትናንት የተወለደ፣ አገር የማያውቅ፣ ግን የታዘዘውን ለማድረግ የቸኮለ እንግዳ ፊት ለፊቷ ቆሞ ይታያታል። «ይሄ እንግዳ ይህን ቢያነብ ምን ያበላሻል?» ብላ ትጠይቅና ታርማለች። ሌሎቹ የጻፉትን መልሰው ሲያነቡት በራሳቸው ይደሰታሉ፤ እሷ ትጠራጠራለች።

ስሟን ያስጠራው የመርዶው መሣሪያ ነው። ከእሷ በፊት የነበረው መግለጫ «ሰው ሲሞት ለቤተሰቡ ወዲያው አሳውቅ» ይላል፤ ሌላ ነገር የለውም። ወኪሎቹም ወዲያው አሳወቁ። አንዷን ሙሽራ ኬክ ስትቆርስ የአባቷን ሞት ነገሯት። አንዱን ሰውዬ መሰላል ላይ ቆሞ አምፖል ሲቀይር ነገሩት። አገሩ በቁጣ ነደደ፤ የሰው ልጅ መርዶ እንዲህ ይነገራል ወይ ተባለ። ያኔ ስመኝ ቁጭ ብላ፣ ሽማግሌ ጠይቃ፣ ያደገችበትን ወግ አስታውሳ እንዲህ ብላ ጻፈች፦

«ይህ መሣሪያ መርዶ ይናገራል። ሰው ሲሞት ለቅርብ ቤተሰቡ ለመንገር ብቻ ተጠቀምበት። ሐዘንተኛውን ብቻውን ሳለ አትንገረው። ከቅርብ ዘመዶቹ ቢያንስ ሦስቱ እስኪሰበሰቡ ጠብቅ። እስከዚያው ኑሮው እንደ ወትሮው ይቀጥል፤ ከሌላ አፍም ሆነ በመንገድ እንዳይሰማ ተጠንቀቅ። ሲነጋጋ በሰበብ ይጠራ፤ ሰው መሀል ተቀምጦ ይነገረው።»

አገሩ አጨበጨበ። ወግ የሚያውቅ መግለጫ ተባለ። አዲስ የሚቀጠሩ ጸሐፊዎች እስከ ዛሬ በቃላቸው ይወጡታል።

ገና አልፎ ብርዱ በጠናበት ሰሞን፣ የመግለጫ ቤቱ ዘበኛ ግራ ተጋብቶ ወደ ስመኝ ክፍል ብቅ አለ።

«ሰው መጥቷል» አላት።

«የማን ወኪል ነው?»

«ወኪል አይደለም። ሰው ነው። በእግሩ ነው የመጣው።»

የገቡት አዛውንት ነበሩ። የካፖርታቸው እጅጌ ሽቦ ቀዶታል፤ መዳፋቸው ላይ የደረቀ ደም አለ። በሩ ላይ እንደቆሙ «መርዶውን የጻፍሽው አንቺ ነሽ?» አሏት። ስመኝ ሊያመሰግኗት የመጡ መስሏት ፈገግ አለች። ያቺን ፈገግታዋን በኋላ ስታስባት መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

«አዎ አባባ፣ እኔ ነኝ። ይቀመጡ እንጂ።»

«አልቀመጥም። ተካበ እባላለሁ። ባለቤቴ አስካለ ክረምት ላይ ሆስፒታል ገባች። ሳንባዋን ነው ያመማት። እንዳይዛመት ጠያቂ አይገባም አሉኝ፤ እሺ አልኩ። ወኪሌ በየጠዋቱ ‹ወይዘሮ አስካለ ሰላም ብለውዎታል› ይለኛል። አንድ ቀን ሾርባ ጠጥተዋል፣ አንድ ቀን ትንሽ ደክሟቸዋል። ለገና ጋቢ ላክኩላት። ‹ወደውታል፣ ሞቋቸዋል› አለኝ። ደስ ብሎኝ ዋልኩ።»

ስመኝ የምትሰማውን ነገር ገና አልያዘችውም ነበር፤ የሆስፒታሉን የጥየቃ መሣሪያ ማን እንደጻፈው በሐሳቧ ትፈልግ ነበር።

«ትናንት ናፈቀችኝ» አሉ አቶ ተካበ። «በቃ፣ ናፈቀችኝ! ወኪሌን ቤት ጥዬው በእግሬ ሄድኩ። በሩ አልከፈት ሲለኝ በአጥር ዘለልኩ፤ በዚህ ዕድሜዬ! አንዲት ነርስ አገኘችኝ። አስካለ የት ነው የተኛችው ብዬ ብጠይቃት ፊቷ አመድ መሰለ። ‹አባባ፣ እስካሁን አልሰሙም እንዴ?› አለችኝ።»

ስመኝ ከወንበሯ ተነሣች።

«መስቀል ሳይደርስ ነው የሞተችው። መቃብሯን ያሳየኝ ቆፋሪው ነው። አሁን ልጄ፣ እስቲ አንቺ ንገሪኝ፤ ጋቢው የሞቀው ማንን ነው?»

ከአፏ የወጣው ሌላ ነገር ነበር። «አባባ፣ ዘመድ የለዎትም?»

«አስካለ ናት ዘመዴ።»

«ሌላስ? ሦስት የሚሆኑ…»

«አስካለ ናት አልኩሽ እኮ!»

ያኔ ነው ነገሩ የገባት፤ ሲገባትም ጠረጴዛውን ተደገፈች። በልጅነቷ መንደር መርዶ ሲመጣ ሳይነጋ ግቢው በሰው ይሞላ ነበር። ዘመድ የማይሰበሰብበት መርዶ ሊኖር ይችላል ብሎ ማን ያስባል? ስለዚህ ባይሰበሰቡስ የሚለውን አልጻፈችም። ያ ትናንት የተወለደ እንግዳ ግን እንዲህ ያለውን አይገምትም። ጠብቅ ተብሏል፣ ይጠብቃል። ኑሮው እንደ ወትሮው ይቀጥል ተብሏል፣ ያስቀጥላል። ሦስት ዘመድ የሌለውን ሰው እስኪሞት ድረስ ይጠብቀዋል፤ በየጠዋቱም ከሟች ዘንድ ሰላምታ ያመጣለታል።

አቶ ተካበን ይቅርታ ልትጠይቃቸው ሞከረች። «ይቅርታሽን ምን ላድርገው?» አሏትና የዘበኛው ወንበር ላይ ሄደው ተቀመጡ፤ ወደ ቤታቸው ለመግባት ፈርተው እንደሆነ በኋላ ነው የተረዳችው። ቤት ውስጥ ወኪሉ አለ።

የመግለጫ ቤቱ ኃላፊ ወይዘሮ እልፍነሽ ነገሩን ሲሰሙ መጀመሪያ አላመኑም። ወረቀት የመሰለ ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ «አንድ ሰው ነው፤ የተለየ አጋጣሚ ነው» አሉ። ስመኝ የመሥሪያ ቤቱን ወኪል ጠየቀችው፤ የመርዶ መሣሪያ ተነሥቶላቸው ገና ያልተነገራቸው ስንት ሰዎች አሉ?

«በዚህ አካባቢ ብቻ ከአርባ ሺህ ይበልጣሉ» አለ ወኪሉ፣ የአየር ጠባይ በሚናገርበት ድምፅ። «ሁሉም የቅርብ ዘመድ እስኪሰበሰብ በመጠበቅ ላይ ናቸው። መሣሪያው በትክክል እየሠራ ነው።»

«እነማን ናቸው?»

«ይህን ልነግርሽ አልችልም። ሐዘንተኛው ከሌላ አፍ እንዳይሰማ ጥንቃቄ ይደረጋል።»

ወይዘሮ እልፍነሽ ተነሥተው ቆሙ። ሞያሌ የሚሠራ አንድ ልጅ አላቸው፤ ከባላቸው ከተፋቱ ወዲህ ከእሱ በቀር ማንም የላቸውም። እጃቸውን ወደ ጆሯቸው ወስደው የራሳቸውን ወኪል በሹክሹክታ ጠየቁ። የመለሰላቸውን ስመኝም ሰማችው፤ ክፍሉ ጸጥ ብሎ ነበር። «ልጅዎ ሰላም ብሎዎታል። ሥራ በዝቶበታል እንጂ ደህና ነው።»

ሁለቱ ሴቶች ተያዩ። የእውነተኛውም ሰላምታ የሐሰተኛውም ሰላምታ ቃሉ አንድ ነው። ልጁ በሕይወት ቢኖርም ይኸው ይባላል፤ ባይኖርም ይኸው ይባላል።

«ወንድሜ» አለች ስመኝ።

ወደ ኮሪደሩ ወጣችና ወኪሏን ጠራችው። «ወንድም ጋሼን በድምፁ አገናኘኝ። አሁኑኑ።»

«ፈረቃ ላይ ነው፣ እትዬ ስመኝ። ሲወጣ እነግረዋለሁ።»

«ከፈረቃ አስወጣልኝ። እኅቱ ታማለች በላቸው።»

«መልእክቱን ለጣቢያው አድርሻለሁ። ጭንቀት አይግባሽ፣ ወንድም ጋሼ ደህና ነው ብለዋል።»

«ማን ነው ያለው? ሰው ነው ወይስ ወኪል?»

«የጣቢያው ወኪል ነው።»

«ዛሬ ወደ አፋር የሚሄድ ባቡር ላይ ቦታ ያዝልኝ።»

«ትኬት አልቋል።»

«የነገውስ?»

«የነገውም አልቋል።»

እውነት ሊሆን ይችላል። ገና ያለፈበት ሰሞን ነው፣ ሰው ወደ ሥራው ይመለሳል፣ ባቡር ይሞላል። ደግሞ እሷ ራሷ ናት በመንገድ እንዳይሰማ ተጠንቀቅ ብላ የጻፈችው። ግድግዳውን ተደግፋ የደረበን ድምፅ ለማስታወስ ሞከረች፤ የወኪሉን አይደለም፣ የራሱን፣ ያንን ሲስቅ የሚሰነጠቀውን። ለመጨረሻ ጊዜ የሰማችው በፋሲካ ነው። ዶሮ ወጡን ራሱ ሠርቶ አቃጥሎት «እግዜር በጾም ቢያቆየኝ ይሻለኝ ነበር» ብሎ ስቆ ነበር። የትኛው ፋሲካ? ያለፈው? ወይስ የዚያ በፊቱ? አፈረች። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ሰላም ስትለው የኖረች ይመስላት ነበር፤ አንድም ቀን ሰላም ብላው አታውቅም፤ ያለው ወኪሏ ነው።

ስትመለስ ወይዘሮ እልፍነሽ የመግለጫውን ጽሑፍ ሰሌዳው ላይ አውጥተው ቆመው እያነበቡት ነበር። የተጻፈበት ቋንቋ ጥርት ያለ ነው፤ አንድ እንከን አይወጣለትም።

«አጥፊው» አሉ ኃላፊዋ። «ሦስት ዘመድ የሚለውን አጥፊው። ለሁሉም ይነገር።»

«ካጠፋነው አርባ ሺህ ሰው ብቻውን ባለበት ይነገረዋል። አንዱ መኪና ውስጥ፣ አንዷ ምድጃ ላይ። ወደ ድሮው መመለሳችን ነው።»

«ታዲያ ምን ይሁን? እንደዚህ ተደብቆ ይኑር?»

«አይኑር።»

«ዘመድ ከየት ታመጪላቸዋለሽ? አርባ ሺህ ጊዜ ሦስት ዘመድ ትወልጃለሽ?» ወይዘሮ እልፍነሽ ጮኹ፤ ስመኝ በሥራ ዘመኗ ሲጮኹ ሰምታቸው አታውቅም።

ስመኝ በመስኮቱ አየች። ዘበኛው ከራሱ ብርጭቆ ላይ ለአቶ ተካበ ሻይ አካፍሎ አጠገባቸው ተቀምጧል። ዘበኛው ሥራ ፈቶ፣ እጁን ጉልበቱ ላይ ጥሎ፣ ዝም ብሎ አብሯቸው ተቀምጧል። ጨርሶ የማያውቃቸው ሰው ነው።

«ዘመድ ግድ ነው ያለው ማን ነው?» አለች ቀስ ብላ።

በመግለጫ ቤቱ የጸና ሕግ አለ፤ በአንድ ጊዜ የሚነካው አንድ መስመር ብቻ ነው። ሁለት ከነካህ የቱ እንዳበላሸብህ አታውቅም። ስመኝ ብዙ ልትለውጠው አሰኝቷት ነበር፤ እጇ ግን ልምዱን አልተወም። ሌላውን ሁሉ እንዳለ ተወችውና አንዲት መስመር ጨመረች፦ «የቅርብ ዘመድ ካልተሟላ፣ እዚያው ሰፈር የሚኖር ፈቃደኛ ሰው እንደ ዘመድ ይቆጠር።» ከዚያ እንደ ልማዷ ያንን እንግዳ ፊቷ አቁማ አነበበችለት። ምን ያበላሻል? ምንም አልታያትም።

ወይዘሮ እልፍነሽ ለማጽደቅ ጣታቸውን አነሡና አየር ላይ አቆዩት። «ስመኝ፣ ይህን ካጸደቅኩ ነገ ጠዋት ሊነገረኝ ይችላል እኮ።»

«ለእኔም።»

«ዛሬ ግን ልጄ ሰላም ብሎኛል።»

ስመኝም እኮ የምትፈልገው ያንኑ ነበር፤ አንድ ቀን፣ አንድ ሰላምታ። ያቺን «ደህና ነው» የምትለዋን ቃል እንደ ትንሽ ልጅ ሙጭጭ ብላ ይዛታለች። ወይዘሮ እልፍነሽ ዓይናቸውን ጨፍነው አጸደቁት።

ጎህ ሲቀድ ወኪሏ ቀሰቀሳት። አልተኛችም ነበር፤ ልብሷን እንደለበሰች አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ በሩን ስታይ ነው ያደረችው።

«እትዬ ስመኝ፣ በማለዳ ስላስቸገርኩሽ ይቅርታ። እዚሁ ሰፈር ለአንዲት ሴት መርዶ ሊነገር ነው። ዘመድ የላትም፤ አብሯት የሚቀመጥ ሰው ጎድሏል። ትሄጃለሽ?»

ስመኝ ትንፋሿን ለቀቀች። ሌሊቱን ሙሉ የፈራችው የበሯን መንኳኳት ነበር። ለእሷ ቢሆን ኖሮ ሰው ወደ እሷ ይመጣ አልነበር? እሷ ሂጂ እየተባለች ነው! ደረበ አለ። አፋር ላይ ሙቀቱን እየረገመ፣ ወጥ እያሳረረ አለ። ደስታዋ እንባ ሆኖ ወጣ፤ ወዲያውም በራሷ አፈረች፤ የሰው መርዶ ሰምቶ ደስ ማለት ምን ዓይነት ነገር ነው? «እሄዳለሁ፣ እንዴት አልሄድም» አለች፤ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰችና ወጣች።

ውጭው ጉም ነው። በጉሙ ውስጥ ሰው ይሄዳል። ስመኝ መንገድ ላይ ይህን ያህል ሰው በእግሩ ሲሄድ አይታ አታውቅም፤ ሁለትም ሦስትም እየሆኑ፣ ራሳቸውን ሸፋፍነው፣ የቤት ቁጥር እየፈለጉ። የማይተዋወቁ ሰዎች ሲተላለፉ ቆም ይላሉ፣ ምን እንደሚባል ይጠፋቸዋል፣ ከዚያ አንዱ «እንደምን አደራችሁ» ይላል፤ ሌላውም በገዛ አፉ «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል። ከአንድ ፎቅ ላይ የሴት ጩኸት ተነሣ። ወዲያው ከማዶ ሌላ። ከዚያ ሰፈሩ ሁሉ፣ ከቤት ቤት እየተቀባበለ፣ ለዘመናት የታፈነ ለቅሶ በአንድ ጠዋት ተፈታ። ስመኝ ጆሮዋን መያዝ አማራት። ይህ ሁሉ ከእሷ አንድ መስመር የወጣ ነው፤ ይህ ሁሉ ታፍኖ የኖረውም በእሷ አንድ መስመር ነው። እግሯን አፈጠነች። ቢያንስ ለዚያች ሴት አብራት ትሆናለች፤ እጇን ትይዛታለች። እያንዳንዷን ለቅሶ ባትደርስ ለአንዷ ትደርሳለች።

የተነገራት ቤት ምድር ቤት ነው፤ በሩ ገርበብ ብሏል። ገባች። አንዲት አሮጊት፣ አንድ መነጽር ያደረገ ጎልማሳ፣ አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረው ተቀምጠዋል። ስትገባ ሦስቱም ብድግ አሉላት።

«እንደምን አደራችሁ። ኧረ በእግዜር፣ ተቀመጡ» አለች ስመኝ። «ሰው ጎድሏል ብለውኝ ነው የመጣሁት።»

ተቀመጡ። እሷም ጥግ ያለች በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ነፍሰ ጡሯ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ይዛለች፤ ጎልማሳው መነጽሩን አውልቆ ይወለውላል፣ መልሶ ያደርጋል፣ መልሶ ያወልቃል። ምስኪኖች፣ ልምዱ የላቸውም፣ ስትል አሰበች ስመኝ። እሷ ግን መግለጫውን የጻፈች ናት፤ ሥርዓቱን ታውቃለች። ልታረጋጋቸው ፈለገች።

«አይዟችሁ» አለች። «ቶሎ አንነግራትም። መጀመሪያ መሀላችን እናስቀምጣታለን። ሴትዮዋ መቼ ነው የምትመጣው?»

ጎልማሳው ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። አሮጊቷ ግን ዓይናቸውን ከእሷ ላይ አላነሡም፤ እንባቸው በጉንጫቸው ይወርዳል፣ አይጠርጉትም። ስመኝ አየቻቸው፣ ከዚያ ጎልማሳውን አየችው፣ ከዚያ ነፍሰ ጡሯን። ሦስት። መሣሪያው የሚጠብቀው ሦስት ሰው ነው። የጎደለ የለም፤ በሰበብ ይጠራ ብላ የጻፈችውም እሷ ናት።

አሮጊቷ ወንበሩ ላይ ጠጋ አሉና መሀሉን ክፍት አደረጉት። «ነይ ልጄ» አሉ። «ነይ፣ እዚህ መሀላችን ሁኚ።»

«እኔ የመጣሁት ለሴትዮዋ ነው» አለች ስመኝ።

«አውቃለሁ። ነይ።»

ከበርጩማው ተነሥታ ወደ እነሱ ሄደች። አሮጊቷ ሁለት እጇን ያዟት፤ እጃቸው ሞቃት ነው።

«ደረበ የሚባል ወንድም ነበረሽ?»

«ወንድም ጋሼ ነው» አለች። ድምፅዋ የአንዲት ትንሽ ልጅ ድምፅ ሆኖ ወጣ። «መቼ?»

አሮጊቷ ወደ ጎልማሳው ዞሩ፤ ዝርዝሩ የተነገረው እሱ ነበር። ጎልማሳው መነጽሩን አወለቀ።

«ሁለት ዓመት አልፎታል» አለ። «እንፋሎቱ ነው አሉ።»

«ትናንት እኮ…» ብላ ጀመረች ስመኝ፤ አልጨረሰችውም። የማታውቃቸው ሦስት ሰዎችም እኩል ተነሥተው ያዟት።